አንድ የቁጥር እንቆቅልሽ በአራት የፕሮግራም ቋንቋዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከ1 እስከ 9 ያሉትን አኃዞች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሞ ባለ ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር መመሥረት ይፈለጋል። ከግራ ሲነበብ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የሚሠሩት ቁጥር ለ2፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት የሚሠሩት ለ3፣ እንዲሁ እያለ ሙሉው ቁጥር ለ9 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ 381654729። ይህን እንቆቅልሽ በሲ፣ በፓይተን፣ በጃቫስክሪፕትና በፕሮሎግ እየፈቱ ቋንቋዎቹን የሚያነጻጽሩ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት ድምዳሜዎች አንዱን ይይዛሉ።

«ፈጣን ቋንቋ ከተጠቀምን መልሱ ቶሎ ይገኛል»

ሲ ወደ ማሽን ቋንቋ ተተርጉሞ ስለሚሠራ ያንኑ ሥራ ከፓይተን በብዙ እጥፍ ፈጥኖ እንደሚጨርስ አይካድም። የሥራውን ብዛት የሚወስነው ግን ኮዱን የሚጽፈው ሰው ነው። ዘጠኙ አኃዞች በ362,880 መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ፤ ሳያስብ የሚጀምር ሰው ይህን ሁሉ ያስፈትሻል። ጥቂት የሚያስብ ግን አምስተኛው አኃዝ 5 ከመሆን ሌላ ምርጫ እንደሌለው፣ በሁለተኛው፣ በአራተኛው፣ በስድስተኛውና በስምንተኛው ቦታ ላይም ተጋማሽ አኃዞች ብቻ እንደሚገቡ ወዲያው ያያል፤ በዚህ ብቻ ድርድሮቹ ወደ 576 ይወርዳሉ። ሦስተኛው አኃዝ ጎዶሎ ስለሆነ፣ ለ4 የሚካፈል ቁጥር እንዲገኝ አራተኛው 2 ወይም 6 መሆን አለበት፤ ለ8 መካፈሉም ስምንተኛውን አኃዝ እዚያው ላይ ያስረዋል። ስለዚህ 4 እና 8 ለሁለተኛውና ለስድስተኛው ቦታ ይቀራሉ። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት አኃዞች ድምርም ለ3 መካፈል ስላለበት መካከለኛው ክፍል 258 ወይም 654 ከመሆን አያልፍም። የቀሩትን ጎዶሎ አኃዞች በዚሁ መንገድ ያጣራ ሰው በእጁ የሚቀሩት አሥር ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ ከአሥሩም የመጀመሪያ ሰባት አኃዞቹ ለ7 የሚካፈሉለት 381654729 ብቻ ነው። ይህን ለመጨረስ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። አሥር ቁጥር የሚፈትሽ የፓይተን ኮድ 362,880 ድርድር ከሚያገላብጥ የሲ ኮድ ጋር ሲወዳደር የቋንቋው ፍጥነት ትርጉም ያጣል።

«ቁጥር በሁሉም ቋንቋ ያው ቁጥር ነው»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያደናግረው ይህ እምነት ይመስለኛል። በእንቆቅልሹ ላይ 0ን ጨምረን አሥሩ አኃዞች የሚሠሩት ቁጥር ለ10 ይካፈል ብንል መልሱ 3816547290 ይሆናል። በሲ ሙሉ ቁጥር የሚቀመጥበት የተለመደው ዓይነት፣ ባለ 32 ቢት (32 የ0 ወይም የ1 ቦታ ያለው) ኢንት፣ ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2147483647 ስለሆነ መልሱ ከአቅሙ በላይ ነው፤ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ በቦታው -478420006 ይቀመጣል። ይህ ደግሞ ለ10 ሲካፈል ቀሪ ስላለው ፕሮግራሙ ትክክለኛውን መልስ በእጁ ይዞ «መልስ የለም» ብሎ ይዘጋል፤ የስሕተት መልእክትም ላያሳይ ይችላል። ፓይተን ሙሉ ቁጥሮችን የኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) እስከፈቀደ ድረስ ስለሚያሰፋቸው ይህ ችግር የለበትም። ጃቫስክሪፕት እስከ 9007199254740991 ድረስ ሙሉ ቁጥሮችን ሳያዛባ ይይዛል፤ ሆኖም በቢት ደረጃ የሚሠሩ ምልክቶቹ ቁጥሩን ወደ 32 ቢት ስለሚቆርጡት፣ ክፍልፋይን ለማስወገድ እነዚህን ምልክቶች እንደ አቋራጭ የሚጠቀም ሰው ያንኑ -478420006 ያገኛል።

(በግዕዝ ቁጥር ይህ እንቆቅልሽ ራሱ ይፈርሳል፤ 381 ሲጻፍ ፫፻፹፩ ስለሚሆን «የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች» 38 መሆናቸው ይቀርና 300 ይሆናሉ።)

«በፕሮሎግ ጥያቄውን መጻፍ ብቻ በቂ ነው፤ መፍትሔውን ቋንቋው ራሱ ያገኛል»

እ.ኤ.አ. በ1972 በፈረንሳይዋ ማርሴይ ከተማ የተወለደው ፕሮሎግ ሕጎቹን ከተነገረው መልሱን ወደፊትና ወደኋላ እያለ እንደሚፈልግ እውነት ነው። ሆኖም የሕጎቹን ቅደም ተከተል እንደ ተጻፈው ይከተላል። በመጀመሪያ ዘጠኙም አኃዞች ይደርደሩ፣ ከዚያ ይፈተሹ ብሎ የጻፈ ሰው ያው 362,880 ድርድር ይጠብቀዋል። ፍተሻው እያንዳንዱ አኃዝ እንደ ተመረጠ ወዲያው እንዲደረግ የጻፈ ግን የማያዋጣውን መንገድ ገና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው አኃዝ ላይ ይተወዋል።

«አጭር ኮድ የተሻለ ኮድ ነው»

በፓይተን ይህን እንቆቅልሽ በሁለት ሦስት መስመር መፍታት ይቻላል። የመስመር ማነስ ግን የሥራ ማነስን አያሳይም፤ ድርድሮቹን የሚያመነጨው ክፍል ቀድሞ የተጻፈ ስለሆነ ከዓይናችን ተሰወረ እንጂ ሥራው አልቀረም።

«መልሱ ትክክል ከሆነ ኮዱም ትክክል ነው»

በፓይተን ፍተሻው ከ2 እስከ 9 እንዲሄድ የሚፈልግ ጀማሪ ተከታታይ ቁጥሮችን ለሚያወጣው ትእዛዝ፣ ለሬንጅ፣ 2 እና 9 ብሎ ይሰጠዋል፤ ሬንጅ ግን የመጨረሻውን ቁጥር ስለማይጨምር ፍተሻው 8 ላይ ይቆማል። ፕሮግራሙ እንዲያም ሆኖ 381654729 ብሎ ትክክለኛውን መልስ ያወጣል፤ ከ1 እስከ 9 ያሉት አኃዞች ድምር 45 ስለሆነ እንዴትም ቢደረደሩ የሚሠሩት ቁጥር ለ9 ይካፈላልና። የተዘለለው ፍተሻ የ7 ቢሆን ኖሮ ከላይ ያየናቸው አሥሩ ቁጥሮች በሙሉ እንደ መልስ ተደርድረው ስሕተቱን ያጋልጡ ነበር። ያንኑ ኮድ በሌላ ቋንቋ ደግሞ መጻፍም የተዘለለውን የ9 ፍተሻ ጉድለት አያወጣውም፤ ያው ሐሳብ እስከ ተገለበጠ ድረስ አራቱም ቋንቋዎች በአንድ ድምፅ 381654729 ይላሉ።