«ዲስኩ አይታይም» ሲባል «ሞቷል» ብሎ መፍረድ፦ በአሮጌ ሲስተም ላይ የምሰማቸው ስህተቶችና እውነታው

ሥራዬ የኮምፒውተር ጥገና ነው። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ወሬ «አዲስ ኤስኤስዲ ገዛሁ፣ ዊንዶውስ ሰቨን አላየውም፣ የተበላሸ ሸጡልኝ» የሚለው ነው (ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ ነው)። ገዢው ቢለው አልፈርድበትም። በየቀኑ ዊንዶውስ ሲጭን የሚውል ሰው ሲለው ግን ደሜ ይፈላል። (ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

«ባዮስ ላይ ስሙ እየታየ ዊንዶውሱ ካላየው ዲስኩ ችግር አለበት።»

ኧረ በፍጹም! ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም፣ የዲስኩን ስምና መጠን በትክክል ካሳየ ዲስኩ መብራት አግኝቷል፣ ሲጠሩትም «አቤት» ይላል ማለት ነው። ይሄ ደህና ዜና ነው። ባዮስ እዚህ ላይ ደላላ ነው፤ አገናኝቶ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ተነስቶ የሲስተሙ ከርነል (እምብርቱ) ሥራውን ሲረከብ፣ ባዮስ ያየውን ይዞ አይቀጥልም፤ በራሱ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን በሚያናግርበት ፕሮግራም፣ ዲስኩን እንደ አዲስ ይፈልጋል። ድራይቨሩ ከሌለው ዲስኩ ቢያበራም ለእሱ የለም። አለቀ።

አሁን ዓመቶቹን ተመልከቱ። ዊንዶውስ ሰቨን የወጣው በ2009 ነው። ኤንቪኤምኢ፣ ማለትም ዛሬ ፈጣኖቹ ኤስኤስዲዎች ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ የመጀመሪያ እትሙ የወጣው በ2011 ነው። ሰቨን ያልተወለደ ነገር እንዴት ይወቅ? ማይክሮሶፍት ቆየት ብሎ ኬቢ2990941 የሚል ማሻሻያ አወጣለት፤ ግን ያ ማሻሻያ በየሱቁ ለዓመታት ሲገለበጥ በኖረው መጫኛ ውስጥ የለም። ስለዚህ መጫኛው ዲስክ ምረጥ የሚልበት ገጽ ላይ ሲደርስ ዝርዝሩ ባዶ ይሆናል፣ ጫኚው «ኪሳራ ነው፣ መልሰው» ይላል፣ ሰውየውም ይመልሳል። ዊንዶውስ 8.1 ግን ድራይቨሩን ከራሱ ጋር ይዞ ነው የመጣው።

አንድ ደንበኛዬ የሆነ የሒሳብ ቢሮ ላይ ይሄ ጉድ ደርሷል። ፒችትሪ የሚባለውን የድሮ የሒሳብ ፕሮግራማቸውን ስለለመዱት ከሰቨን መውጣት አይፈልጉም። ኤንቪኤምኢ ገዙ፣ አልታይ አለ። መለሱት። ሱቁ ደግ ነበርና ሌላ ቀየረላቸው፣ እሱም አልታይ አለ። ከዚያ «እንግዲህ ማዘርቦርዱ ነው» ተባለና የማዘርቦርድ ዋጋ ማጠያየቅ ተጀመረ። ዲስኩን ወስጄ ዊንዶውስ 10 ያለበት ማሽን ላይ ብሰካው ቁጭ ብሏል፣ ምንም የለበትም። በሳታ ኬብል (በቆየው የዲስክ ማገናኛ) የሚገባ ተራ ኤስኤስዲ ገዝተው ሰቨን ወዲያው አየው። ለሒሳብ ሥራ ያ ፍጥነት ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ሊኑክስም ከዚህ አያመልጥም። የኤንቪኤምኢ ድራይቨር ዋናው ከርነል ውስጥ የገባው በ3.3 ነው፣ መጋቢት 2012። እዚያ ግን ማጣራት ይቀላል። «ኤልኤስፒሲአይ» (lspci፣ የተሰኩ ዕቃዎችን የሚዘረዝር ትዕዛዝ) ብላችሁ ስትጠይቁ የዲስኩ ኮንትሮለር ከተዘረዘረ ዕቃው በደንብ ተሰክቷል። እሱ ተዘርዝሮ «ኤልኤስቢኤልኬ» (lsblk፣ ዲስኮችን የሚዘረዝር ትዕዛዝ) ላይ ዲስኩ ከሌለ በመጀመሪያ የምትጠረጥሩት ድራይቨሩን ነው። ሁለቱም ላይ ከሌለ ያኔ ነቅላችሁ እንደገና ሰኩ፣ ሌላ ማሽን ላይ ሞክሩ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱና ቢጫ ምልክት የያዘ፣ ድራይቨር ያጣ ዕቃ ካለ እዩ። ዲስክ ከመመለስ በፊት የሚሠራው ይሄ ነው። ደቂቃ አይፈጅም፣ ማንም አያደርገውም።

«ከርነሉ 2.6 ስለሆነ ኤንቪኤምኢ አይሞከርም።» ይሄኛው ደግሞ ትንሽ ያነበቡ ሰዎች ስህተት ነው። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ በ2013 ያወጣው ሊኑክስ፣ እትም 6.5፣ ከርነሉ 2.6.32 ነው፣ ኤንቪኤምኢን ግን ያውቃል፤ ድራይቨሩን ከአዲሱ ከርነል ወደ አሮጌው አምጥተውለታል። የቁጥሩን ግንባር አይታችሁ አትፍረዱ።

«ኤም.2 ሁሉ ኤንቪኤምኢ ነው።» አይደለም። ኤም.2 የቅርጹ ስም ነው። በዚያው ቅርጽ የሳታ ዲስክም አለ፣ እሱን ሰቨን ያየዋል። ከመግዛታችሁ በፊት የዲስኩን ጽሑፍ አንብቡ፣ የማዘርቦርዳችሁ ቀዳዳ የትኛውን እንደሚቀበልም አጣሩ፤ አንዱን ብቻ የሚቀበል አለ።

«የሰቨን መጫኛ ፍላሹ ተበላሽቷል።» መጫኑ ተጀምሮ መሃል ላይ የሲዲ ወይም የዲቪዲ ድራይቨር ጎድሏል ብሎ ሲቆም ማለት ነው። ፍላሹ ሲዲ አይደለም፣ ሰውም ግራ ይጋባል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ዩኤስቢ 3 ነው፤ ሰቨን ለእሱ ድራይቨር ይዞ አልመጣም። ባዮስ ፍላሹን አንብቦ ያስነሳዋል፣ ከርነሉ ሲረከብ ፍላሹ ይሰወራል። ያው የላይኛው ታሪክ። ቆየት ባሉ ማሽኖች ወደ ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ስትቀይሩት ይሄዳል። ከ2015 ወዲህ በመጡት የኢንቴል ማሽኖች ግን ቀዳዳዎቹ ሁሉ በዚያው በዩኤስቢ 3 ኮንትሮለር ስለሚያልፉ መቀያየሩ ዋጋ የለውም፤ ኪቦርዱና ማውሱም አብረው ዝም ይላሉ። መፍትሔው ድራይቨሩን መጫኛው ውስጥ አስቀድሞ መክተት ነው። ወይም ሰቨንን መተው፤ ማይክሮሶፍት እንኳ በጥር 2020 ድጋፉን አቁሟል፣ እናንተን ምን ያስለቅሳችኋል?

«ባዮስ ገብተህ ከአይዲኢ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይረው፣ ይታያል።» ይሄን ምክር የሚሰጥ ሰው ባገኝ ስልኩን እቀማዋለሁ። አይዲኢና ኤኤችሲአይ የሳታ ዲስክ ከሲስተሙ ጋር የሚነጋገርባቸው የድሮውና የአዲሱ አሠራር ናቸው። ሰቨን በአይዲኢ ከተጫነ የኤኤችሲአይ ድራይቨሩ ውስጡ አለ፣ ግን እንዲተኛ ተደርጓል። ዝም ብላችሁ ባዮስ ላይ ከቀየራችሁ 0x7ቢ የሚል ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ከዚያ «ዊንዶውሱ ተበላሸ» ተብሎ ፎርማት ይደረጋል፣ የሰው ፋይል ይጠፋል። ባዮሱን ወደነበረበት መልሱት፣ ምንም አልጠፋም። ከዚያ ሬጂስትሪ ውስጥ (ዊንዶውስ ቅንብሩን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) «ኤምኤስኤኤችሲአይ» (msahci) የሚለውን ፈልጋችሁ «ስታርት» የሚለውን ቁጥር 0 አድርጉና ባዮሱን ያኔ ቀይሩ።

«ዊንዶውሱ ፎርማት ይደረግ ካለ ፎርማት ነው።» አትንኩት! ዲስኩ ታይቷል፣ ያልታወቀው አጻጻፉ ነው። አጻጻፉ ኤክስፋት (exFAT) የሆነ ፍላሽ ማሻሻያ ያልተጫነለት ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ አይነበብም፣ ሊኑክስም ድራይቨሩን በዋናው ከርነል ውስጥ ያገኘው በ5.4 ነው፣ 2019። ሊኑክስ የጻፈበትን ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ብትሰኩም ያው ፎርማት ላድርገው ይላችኋል። ባለ 32 ቢቱ ኤክስፒ ደግሞ ከ2 ቴራባይት በላይ ለሆነ ዲስክ የሚሠራውን የጂፒቲ ፓርቲሽን አያነብም፣ ዲስኩ ምንም ሳይሆን።

«ሰርቨሩ ከርነል ፓኒክ ብሏል፣ ዲስኩ ሄዷል።» ከርነል ፓኒክ ከርነሉ መቀጠል አቅቶት ሲቆም ነው። ሴንትኦኤስ 5 የሚባለው የድሮ ሊኑክስ ያለበትን ዲስክ ነቅሎ ሌላ ሰርቨር ላይ የሰካ ሰው ይህን ይዞ ይመጣል። ያ ሲስተም ሲነሳ መጀመሪያ የሚጭናት ትንሽ ፋይል፣ ኢኒትአርዲ የሚሏት፣ የያዘችው የድሮውን ማሽን ኮንትሮለር ድራይቨር ነው። አዲሱ ማሽን ላይ ከርነሉ የራሱን ቤት ማግኘት ያቅተዋል። በመጫኛ ሲዲው ሬስኪዩ (የማዳኛው ክፍል) ግቡ፣ ትክክለኛውን ድራይቨር ጨምራችሁ ኢኒትአርዲውን እንደገና ሥሩ፣ ይነሳል።

ተቃራኒውም አለ። ከርነሉ አዲስ ሆኖ ኤንቪኤምኢውን በደንብ እያየ፣ አሮጌው ባዮስ ግን ከእሱ ላይ መነሳት የማይችልበት ማሽን። ያኔ ማዘርቦርድ አትቀይሩ። ሊኑክስ ከሆነ የቡት ፓርቲሽኑን ብቻ ባዮሱ በሚያውቀው ትንሽ የሳታ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ አድርጉት፣ የቀረውን ሁሉ ኤንቪኤምኢው ላይ ተዉት።