ሆስፒታል ውስጥ የተያዘ የቫይረስ ኢንፌክሽን ምንድን ነው?

«ልጁ በተኛ በሦስተኛው ቀን ማሳል ጀመረ። 48 ሰዓት አልፏል፣ ስለዚህ ያስያዘው ሆስፒታሉ ነው።» ሆስፒታል ውስጥ የተያዘ ኢንፌክሽን የሚባለው ታማሚው ሲገባ ሳይኖርበት እዚያው የያዘው ነው። በዚህ ላይ ሰዎች ሲከራከሩ እንዲህ ያለውን አስተያየት ደጋግሜ አነበብኩት። ሌላው ደግሞ ስለ ሌላ ልጅ «በተኛ በማግስቱ ነው የጀመረው፣ ከቤቱ ይዞት የመጣ ነው» ይላል። ሁለቱም የያዙት መለኪያ ልክ አይደለም።

48 ሰዓት በተለይ ለባክቴሪያ የተለመደ የቆጠራ መነሻ ነው። ቫይረስ ግን ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ የየራሱ ጊዜ አለው። ነገሩ እንደ ዘር ነው። ዛሬ የበቀለውን አይቶ ዛሬ ተዘራ አይባልም። የምን ዘር እንደሆነ ተለይቶ ወደ ኋላ ይቆጠራል። ተቅማጥና ትውከት የሚያስከትለው ኖሮቫይረስ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ብቅ ይላል። ስለዚህ በተኛ በማግስቱ ማታ ማስመለስ የጀመረ ልጅ እዚያው ተይዞ ሊሆን ይችላል። የሕፃናትን ሳንባ የሚያጠቃው አርኤስቪ (RSV) የተባለ ቫይረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ቀን ይፈልጋል። በሦስተኛው ቀን ያሳለው ልጅ ሲገባ ይዞት የነበረ መሆኑ ያመዝናል። የኩፍኝ ትኩሳት የሚጀምረው ደግሞ 10 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። ሆስፒታል የተዘራበት ልጅ ድኖ ቤቱ ከገባ በኋላ ይበቅልበታል፤ ማንም አይመዘግበውም።

ዘሪውስ? አንድ አስተያየት ሰጪ «ወለሉ በበረኪና ቢታጠብ ኖሮ» ብለዋል። ጽዳት የግድ ነው። አርኤስቪን ከአልጋ አልጋ የሚዘራው ግን በዋናነት እጅ ነው። ካሮላይን ሆል የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ከባልደረባቸው ጋር በ1981 ያወጡት ጥናት ይህን አሳይቷል። አንዳንዶቹ በጎ ፈቃደኞች የታመሙትን ሕፃናት አቅፈው ተንከባከቡ። ሌሎቹ ሕፃኑ የነበረበትን አልጋና ዕቃ ነክተው ዓይንና አፍንጫቸውን ነኩ። የቀሩት ከአልጋው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ካቀፉት 7 ሰዎች 5ቱ፣ ዕቃ ከነኩት 10 ሰዎች 4ቱ ተያዙ። ራቅ ብለው ከተቀመጡት 14 ሰዎች አንድም አልተያዘም።

ጓንትም ቢሆን ያው እጅ ነው። የአንዱን ሕፃን ንፍጥ የጠረገ ጓንት ሳይወልቅ የቀጣዩን ሕፃን ቴርሞሜትር ከያዘ ዘሩን አደረሰ። አርኤስቪ ደረቅ ዕቃ ላይ ለሰዓታት ስለሚቆይ የሐኪሙ የደረት ማዳመጫና የአልጋው ጠርዝም ይቆጠራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ሳኒታይዘር አርኤስቪንና ኢንፍሉዌንዛን በደንብ ይገድላል። ኖሮቫይረስ ላይ ግን ደካማ ስለሆነ ተቅማጥና ትውከት ባለበት ክፍል ሳሙናና ውኃ ይቅደም። ኩፍኝ ደግሞ እጅም አያስፈልገው። በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ አየር ላይ ይቆያል። እሱን የሚያግደው ክትባትና የተለየ ክፍል ነው። «ለመከላከያ» ተብሎ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ አንዱንም ቫይረስ አይነካም።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የጤና ባለሙያው ራሱ ነው። አርኤስቪ አዋቂ ላይ ቀለል ያለ ጉንፋን ይመስላል። «ትንሽ አፍኖኝ ነው» ያለ ሰው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ያሉበት ክፍል መግባት የለበትም፤ አለቃውም ያለ ወቀሳ ፈረቃውን ሊቀይርለት ይገባል። ጤነኛ እናትን ከልጇ መለየት ግን መከላከል አይደለም፣ በተለይ የምታጠባ ከሆነች። ለእሷ የሚያስፈልጋት አልጋው አጠገብ የእጅ መታጠቢያና መቼ መታጠብ እንዳለባት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳት ሰው ነው።