በቅጠል ጀርባ ማን ማንን ይበላል?

በተክል ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳትና የሸረሪት ዘመዶቻቸው የምግብ ትስስር አብዛኛውን ጊዜ ከዓይን በተሰወረው የቅጠል ጀርባ ይካሄዳል። ብዙዎቹ ርዝመታቸው ከጥቂት ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ በሚገባ ለማየት አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል።

ከሁሉም ይልቅ የታወቀው ክሽክሽ ነው። መርፌ መሰል አፉን ስኳር በሚጓጓዝበት የተክሉ ቧንቧ ውስጥ ሰክቶ ጭማቂ ይመጥጣል። ጭማቂው ስኳር ቢበዛበትም የፕሮቲን መሥሪያ የሆነው አሚኖ አሲድ ስለሚያንሰው፣ የጎደለውን በክሽክሹ ሰውነት ውስጥ የሚኖሩ ቡክኔራ የተባሉ ባክቴሪያዎች ያመርቱለታል። ትርፉ ስኳር በጣፋጭ ጠብታ መልክ ይወጣል። ጉንዳኖች ይህን ጠብታ ለማግኘት ክሽክሾቹን በአንቴናቸው ይዳስሳሉ፤ ሊበሏቸው የመጡ ጢንዚዛዎችንም ያባርራሉ። ሳይላስ የቀረው ጠብታ ደግሞ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል።

ጉንዳን ያልጠበቀውን ክሽክሽ ደቃቅ ተርብ ታገኘዋለች። እንቁላሏን በውስጡ ትጥላለች፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭም ክሽክሹን ከውስጥ እየበላ ያድጋል። ክሽክሹ አብጦና ደርቆ ቡናማ ቅርፊት ሲሆን አዲሱ ተርብ ክብ ቀዳዳ ቆርጦ ይወጣል። የቀዳዳው ጠርዝ የተሸራረፈ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የወጣው ሌላ ተርብ ነው፤ የመጀመሪያውን እጭ የበላው ማለት ነው። ይህን በአንዲት ባዶ ቅርፊት ላይ ማንበብ መቻል እጅግ ያስደንቃል።

ማይት የሚባሉት የሸረሪት ዘመዶችም የራሳቸው ዓለም አላቸው። ባለ ሁለት ነጥቡ ማይት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆንም ከ1,000 በላይ የተክል ዓይነቶችን ይመገባል። የተጠቃው ተክል የሚለቀው ሽታ ግን አዳኝ ማይቶችን ይጠራል። ቡናን ጨምሮ ብዙ ዕፅዋት በቅጠላቸው ጅማቶች መጋጠሚያ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሏቸው፤ አዳኞቹም በእነዚህ ይጠለላሉ። ሁሉም በአዳኝነት ወይም በተባይነት ብቻ አይፈረጅም፤ ትሪፕስ ከሚባሉት ደቃቅ ነፍሳት አንዳንዶቹ ቅጠሉንም የማይቱንም እንቁላል ይበላሉ።

ትስስሩ ሲበጠስ ምን እንደሚከተል ካሊፎርኒያ ውስጥ ታይቷል። ብርቱካንና ሎሚ ያደርቅ የነበረውን ጥጥ መሰል ሽፋን ያለው ተባይ ለመግታት ከ1888 ጀምሮ ከአውስትራሊያ ጢንዚዛ መጣች፤ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥም ተባዩን ተቆጣጠረችው። በ1940ዎቹ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ መርዝ ሲረጭ ጢንዚዛዋ አለቀች፣ ተባዩም አገረሸ። አትክልተኞቹ እንደገና እሷኑ ፍለጋ ገቡ።