«ቀጠና» እና «ዙሪያ»፦ የእይታ ነርቭ ሕዋስ ለምን ይታፈናል?

ቪ1 በሚባለው የአንጎል የኋላ ክፍል እያንዳንዱ ነርቭ ሕዋስ የሚጠብቃት ትንሽ የእይታ ቀጠና አለችው። በማካክ ጦጣ፣ በእይታ ማዕከል አካባቢ፣ ስፋቷ ብዙውን ጊዜ ከ1 ዲግሪ ያንሳል። እጅ ተዘርግቶ የሚታይ የአውራ ጣት ጥፍር እንኳ 1.5 ዲግሪ ገደማ ነው።

ግራ የሚያጋባው ዙሪያው ነው። አንድ መስመር ከቀጠናዋ ውጭ ብቻ ከታየ ሕዋሱ ዝም ይላል። ውስጧ መስመር እያለ ዙሪያው ሲቀየር ግን ምላሹም ይቀየራል። መንዝ ጓሳ ላይ ነፋስ ወደ አንድ ጎን ያስተኛውን ሣር አስቡ (መረጃው በአብዛኛው ከማካክ የመጣ ነው እንጂ ከጓሳው ጭላዳ አይደለም)። ሁሉም ሰበዝ አንድ አቅጣጫ ሲይዝ ሕዋሶቹ በአብዛኛው ይታፈናሉ፣ ማለትም ምላሻቸው ይቀንሳል። አንዷ ብቻ አግድም ብትጋደም ግን የእሷ ሕዋስ ያን ያህል አይታፈንም፤ ዓይንም ቶሎ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። አፈናው የሚመጣው በቪ1 ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱ ዘገምተኛ የነርቭ መስመሮችና ከላይኞቹ የእይታ ክፍሎች ከሚመለሱ ፈጣን መልእክቶች ነው።

ስህተት የሚበዛው ልኬቱ ላይ ነው። መጀመሪያ በትንሽ ባለ መስመር ክብ ምስል የቀጠናዋ መሃል ይፈለጋል፤ ከዚያ መሃሉ ሳይለቀቅ ክቡ ይሰፋል። ምላሹ ጨምሮ ጨምሮ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ይወርዳል። የቀጠናዋ መጠን የሚባለው ጫፉ ላይ ያለው ስፋት ነው። ገና ከጅምሩ ትልቅ ምስል ያሳየ ሰው የታፈነውን ሕዋስ «ደካማ» ብሎ ይመዘግባል። ሌላም ጣጣ አለ፦ የምስሉ ንፅፅር (የብሩህና የጨለማ ክፍሎቹ ልዩነት) ሲደበዝዝ ጫፉ ወደ ሰፊው ክብ ይሸሻል፣ አንዳንዴም እጥፍ ይሆናል። ንፅፅሩ ሳይጠቀስ የተጻፈ የቀጠና ስፋት እምብዛም አይረባም።