ለቀብራችን ተዘጋጅተናል፣ ለእርጅናችን ግን ገና ነን

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ቁጭ ብለን አሳ እየበላን የጡረታ ወሬ ተነሳና አንዱ ጓደኛችን "እኔን ምን አሳሰበኝ፣ ሁለት እድር አለኝ" አለ። ሁላችንም ሳቅን። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም፣ 46 ዓመቱ ነው፣ የግል ድርጅት ሂሳብ ሰራተኛ ነው፣ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። እድር እኮ የሚደርስልህ ከሞትክ በኋላ ነው፣ ድንኳኑም ወንበሩም ንፍሮውም ያኔ ይመጣል፣ ከ60 ዓመትህ እስከ ድንኳኑ ድረስ ላለው 15 ወይ 20 ዓመት ግን ወር እየጠበቀ መዋጮ የሚሰበስብልህ የለም።

እኔ እዚሁ ባህር ዳር የሰው ሀይል አስተዳደር ላይ ነው የምሰራው። ሰው ጡረታ ሊወጣ ሶስት ወር ሲቀረው ፋይሉን ታቅፎ የሚመጣው እኔ ጋ ነው፣ ቤት ደግሞ 81 ዓመቷ የሆነ እናት አለችኝ። እና በሁለቱም በኩል ሁሌ የምሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮች አሉ፣ ልጻፋቸውና ይውጣልኝ።

"ጡረታ ስወጣ ያው ደሞዜ ነው፣ ትንሽ ይቀነስ ይሆናል እንጂ"

ትንሽ አይደለም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደሞዝህ ይያዛል፣ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት ከዛ አማካይ ላይ 30 ከመቶ ታገኛለህ፣ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 ከመቶ ነው። 30 ዓመት የሰራ ሰው 30 ሲደመር 25፣ 55 ከመቶ። አማካይ ደሞዙ 12,000 ከነበረ አበሉ 6,600 ብር ነው ማለት ነው። 70 ከመቶ ላይ ለመድረስ 42 ዓመት መስራት ያስፈልጋል፣ በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ ሳያቋርጥ 60 የገባ ሰው ስንት አለ?

የግል ድርጅት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የግል ሰራተኛ በጡረታ የታቀፈው በአዋጅ 715 በ2003 ነው፣ ስለዚህ እድሜውን ሁሉ ግል ድርጅት ውስጥ የሰራ ሰው 30 ዓመት ሰርቻለሁ ቢልም ለጡረታ የሚቆጠርለት ከ2003 ወዲህ ያለው ነው፣ ከዛ በፊት ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም ሰራተኛና አሰሪ የሚያዋጡበት የድርጅቱ የቁጠባ ሂሳብ፣ ከነበረው እሱ ሌላ ሂሳብ ነው። ይሄን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ የማየውን ነገር አልወደውም።

"ወረቀት ላይ ደሞዝህ ሲያንስ ታክስ አይበላህም፣ ተጠቃሚው አንተ ነህ"

እዚህ ላይ ረዘም ልበል ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚች ጋ ነው። አንዳንድ ድርጅት ሁለት ፔሮል (የደሞዝ መክፈያ ዝርዝር) አለው፣ አንዱ የሚታይ አንዱ የማይታይ፣ ሰራተኛው በእጁ 18,000 ይቀበላል፣ ለጡረታና ለታክስ የሚታየው ግን 7,000 ነው፣ ሰራተኛውም ደስ ብሎት ይፈርማል ምክንያቱም የወሩ መጨረሻ ላይ እጁ የሚገባው ይበዛል።

አሁን ቁጭ ብለህ ምታው። ለጡረታ ከሰራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሰሪው 11 ከመቶ ነው የሚከፈለው። በ18,000 ቢሆን አሰሪው በወር 1,980 ብር ይጨምርልህ ነበር፣ በ7,000 ግን 770 ብቻ ነው የሚከፍልልህ፣ በየወሩ 1,210 ብር እሱ ኪስ ውስጥ ቀረች። ያንተው ደግሞ 20 ዓመት ሰርተህ ስትወጣ ነው የሚታየው፣ 42.5 ከመቶ ነው የምታገኘው፣ በ18,000 ቢሆን 7,650 ብር ነበር፣ በ7,000 ግን 2,975 ብር። ይቺን ሂሳብ ላንድ ሰውዬ ወረቀት ላይ ሰርቼ ሳሳየው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ምንም ሳይል ወጣ። 59 ዓመቱ ነበር።

ፔሮሉ ንጹህ ቢሆንም እንኳን አበሉ የሚሰላው በመሰረታዊ ደሞዝ ነው። የትራንስፖርት፣ የቤት፣ የሃላፊነት አበል፣ ኦቨርታይም፣ ውሎ አበል ምናምን አይገባም። ስለዚህ ኑሮህን በአበል ላይ የገነባህ ከሆነ፣ ኤንጂኦ ውስጥ የሰራችሁ በተለይ፣ 60 ላይ የሚጠብቃችሁ ቁጥር እናንተ ካሰባችሁት ሌላ ነው። የተቀነሰውስ በስምህ ገብቷል ወይ? እሱንም 59 ላይ ሳይሆን አሁን ጠይቅ።

"እድሜዬን አስተካክላለሁ"

ይሄ የኛ ሀገር ጉድ ነው። ሰው ስራ ሲቀጠር ቶሎ ለመግባት እድሜውን ከፍ አድርጎ ያስመዘግባል፣ 58 ሲሞላው ደግሞ ዝቅ ማድረግ ይፈልጋል፣ ከደብር የክርስትና ማስረጃ ይዞ ይመጣል። የሚያዘው መጀመሪያ ስትቀጠር የሞላኸው ነው። በቃ።

ስምም እንደዛው። ፋይሉ ላይ የአለም ስም፣ መታወቂያው ላይ የክርስትና ስም፣ ባንክ ደብተሩ ላይ የአያት ስም የሌለበት፣ እነዚህን አንድ አይነት ማድረግ በ45 ዓመትህ የአንድ ቀን የባጃጅ ሂሳብ ነው፣ በ61 ዓመትህ ግን ወራት ነው፣ እነዛ ወራት ደግሞ ደሞዝም አበልም የሌለባቸው ናቸው።

"ሰውዬው ከሞተ ጡረታው አብሮት ይቀበራል"

አይቀበርም። የትዳር ጓደኛ የሟቹን አበል 50 ከመቶ ታገኛለች ወይም ያገኛል፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 ከመቶ አለ፣ በሟቹ ይጦሩ የነበሩ ወላጆችም ድርሻ አላቸው። ችግሩ ወረቀት ነው። እዚህ አካባቢ ስንቱ ነው በሽማግሌ ተጋብቶ 35 ዓመት ኖሮ አንድ የጋብቻ ወረቀት የሌለው፣ ሰውዬው ሲሞት እትዬ ሀዘናቸውን ሳይጨርሱ ፍርድ ቤት ምስክር ሲያቆሙ ይከርማሉ። ሁለታችሁም በህይወት እያላችሁ ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ አስመዝግቡት፣ የሰርግ ልብስ አያስፈልግም።

"እቁብ እጥላለሁ፣ ባንክም አስቀምጣለሁ"

እቁብ ጥሩ ነገር ነው፣ ብር ከእጅህ እንዳያመልጥ ያስርልሃል፣ ግን አይወልድም፣ የጣልከውን ነው የምታወጣው። ባንክም ቢሆን በ2010 ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 ከመቶ ሆኖ ነበር፣ በ2014 ደግሞ የኑሮ ውድነቱ ከ30 ከመቶ በላይ ወጥቶ ነበር፣ እና ብርህ ደብተሩ ላይ እያደገ ገበያ ላይ እያነሰ ነበር ማለት ነው። አታስቀምጥ ማለቴ አይደለም፣ ለድንገተኛ ህመም ቶሎ የሚወጣ ብር የግድ ነው፣ የ20 ዓመት እቅድ ግን በሱ ብቻ አይቆምም።

"ሰርቪስ ሰርቼ አከራያለሁ"

የከተማችን ብሄራዊ እቅድ ይሄ ነው መሰለኝ። ግቢ ካለህ ከኋላ አራት ክፍል ትደረድራለህ፣ ለተማሪ፣ ለመንግስት ሰራተኛ ታከራያለህ። እውነቱን ለመናገር ከብዙው ነገር የተሻለ ነው፣ ኪራይ ከኑሮ ጋር አብሮ ይጨምራል። ግን ስታስበው አከራይነት ስራ ነው። በ55 ዓመትህ ጣራ ላይ ወጥተህ ቆርቆሮ ትመታለህ፣ በ78 ዓመትህ ማን ይወጣል? ውሃ ሲፈነዳ፣ ተከራይ ሁለት ወር ሳይከፍል ሲጠፋ፣ ሁለቱ ተጣልተው ሌሊት ሲያንኳኩብህ? ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ሰላም ሲታጣ የቱሪስት ስራ ላይ የነበሩ ሰዎች ቤት ለቀው ሲወጡ አይተናል፣ ባንድ ጊዜ ሶስት ክፍል ባዶ የሆነባቸው ጎረቤት አሉኝ፣ መድሃኒታቸውን የሚገዙት ከዛች ኪራይ ነበር። እና ስትሰራ ቢያንስ አንዱን ክፍል መወጣጫ ደረጃ የሌለው፣ መጸዳጃው የማያንሸራትት፣ በሩ ሰፊ አድርገህ ስራው፣ ለተከራይ አይደለም፣ አንድ ቀን ራስህ ትገባበታለህ።

"ውክልና ወስጄአለሁ፣ የአባባ ነገር አልቋል"

አላለቀም። ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ይቀራል፣ ችሎታውን ሲያጣም እንደዛው፣ ማለትም ልክ በጣም በሚያስፈልግህ ሰዓት ላይ። ጠቅላላ ውክልና ይዞ ቤት መሸጥም አይቻልም፣ እሱ በልዩ የሚሰጥ ነው። በተቃራኒው ደግሞ "ለምን ቤቱን አሁኑኑ በልጄ ስም አላዞረውም" የሚሉ አሉ። ስጦታ ስጦታ ነው፣ ዛሬ ከእጅህ ይወጣል፣ ነገ ልጅህ ተበድሮ ወይ ተፋቶ ቤቱ ክርክር ውስጥ ቢገባ አንተ ባለቤት አይደለህም። ኑዛዜ ግን እስክትሞት ድረስ ትቀይረዋለህ። ለግልጽ ኑዛዜ 4 ምስክር ፊት ተነቦ መፈረም አለበት፣ ሰፈር ውስጥ አራት ሰው መቼም አይጠፋም።

"ጤና መድህን ስታመም እገባለሁ"

የማህበረሰብ ጤና መድህን እንደዛ አይሰራም፣ በዓመት አንዴ በምዝገባው ወቅት ነው የሚገባው። እዚሁ ሰፈራችን ነው የተሞከረው፣ በ2003 ለሙከራ ከተመረጡት ወረዳዎች ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩበት። ይጠቅማል፣ ግን መነጽርና ሰው ሰራሽ ጥርስ አይሸፍንም፣ ለሽማግሌ ደግሞ የሚያስፈልገው በአብዛኛው እሱ ነው፣ መድሃኒቱ ጤና ተቋሙ ውስጥ ከሌለም ውጭ በኪስህ ነው የምትገዛው። እና ለሱም ብር ለየት አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

"ጃጅታለች፣ ምን ይደረጋል"

እማዬን ሁለት ዓመት እንደዛ አልናት። ስም ትረሳለች፣ ምግብ ጥላ ትነሳለች፣ ትቆጣለች። በኋላ ሃኪም ሲያያት አንዱ ችግር አይኗ ላይ ያለው ሞራ ነበር፣ ሰው ስለማይታያት ነበር ስም የምታማታው፣ ጆሮዋም እንደዛው። ሞራው በቀዶ ጥገና ተነሳ። የመርሳቱ ነገር ግን ከነጭራሹ አልጠፋም፣ አለ፣ ግን የእንቅርት ችግርም የቫይታሚን እጥረትም ድብርትም መርሳት ያመጣሉ፣ እነሱ ደግሞ ይታከማሉ። ሳይመረመር ጃጀ ማለት ለኛ እረፍት ነው እንጂ ለነሱ አይደለም።

"ልጆቼ ናቸው ጡረታዬ"

ይሄን መጨረሻ ላይ ያደረኩት ቤቴ ስለሆነ ነው። ህጉ እንኳን ይደግፈዋል፣ የክልላችን የቤተሰብ ህግ ልጅ የተቸገረ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ አለበት ይላል። እኛ ስድስት ነን። ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዷ አረብ ሀገር፣ አንዱ ጎንደር፣ እኔና ትንሿ እህቴ እዚህ። እማዬ ስትደክም ሁላችንም ብር መላክ ጀመርን፣ ትንሿ ደግሞ ስራዋን ለቀቀች። ማንም ልቀቂ አላላትም፣ ግን ማንም አትልቀቂም አላላትም። ያላገባች እሷ ነበረች፣ ቤትም ከእማዬ ጋር ነበረች፣ እንዲሁ በዝምታ ወደሷ ተገፋ።

የሰው ፋይል ሳገላብጥ የምውል ሰው የእህቴን ፋይል ያሰብኩት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። 8 ዓመት ነበር ያገለገለችው። የወር አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል፣ ካልሞላ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዳረጎት ነው። 41 ዓመቷ ነው፣ እናታችንን እየጦረች የራሷ እርጅና ባዶ እየሆነ ነበር፣ ነገ ደግሞ ልጅ የላትም። እኛ በየወሩ 2,000 ብር ልከን ቴሌግራም ላይ "እግዜር ይስጥሽ" እንጽፍላታለን።

ስድስታችንም በስልክ ተሰብስበን ነው የተነጋገርነው፣ ቀላል አልነበረም፣ አዲስ አበባ ያለው ታላቃችን ሰራተኛ እንቅጠር ሲባል "የቤት ሚስጥር በሰራተኛ እጅ?" ብሎ ተቆጣ። "እንግዲያው መጥተህ አንተ እጠባት" አለችው ያረብ ሀገሯ፣ ከዛ በኋላ ዝም አለ። አሁን ከሰኞ እስከ አርብ ቀን ቀን የምታግዝ ሴት አለች፣ ደሞዟን አምስታችን ነው የምንከፍለው፣ እህቴ ስራ ተመልሳለች፣ ስትለቅ ዳረጎቱን ስላልወሰደች 8 ዓመቱ አልተቃጠለም፣ ከዛው ቀጥሎ እየተቆጠረላት ነው፣ 10 ለመሙላት ዓመት ከመንፈቅ ቀርቷታል።

ቅዳሜ የእህቴ ተራ ነው፣ እሁድ የኔ። ባለፈው እሁድ ጠዋት ቡናውን ለእማዬ ሳቀርብላት ቀና ብላ አየችኝና "አንተ ዛሬም ስራ አልሄድክም እንዴ፣ አባረሩህ ወይ ልጄ?" አለችኝ።