ሰርፋክታንት ምንድን ነው?

ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን አየር ባስወጣ ቁጥር «እህ… እህ…» ሊል ይችላል። ለሰሚው የሚያለቅስ ወይም የሚያልም ይመስላል። እሱ ግን ሥራ ላይ ነው፤ ሳንባው እንዳይከደንበት እየታገለ።

ሳንባችን ውስጥ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ፤ ውስጣቸው እርጥብ ነው። የረጠበ ፌስታል ጎንና ጎኑ ተጣብቆ እንዴት እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁ። ከረጢቶቹም አየር ሲወጣ እንደዚያው መጣበቅ ይቃጣቸዋል። እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ሰርፋክታንት ነው። ሳንባው ራሱ የሚሠራው፣ አብዛኛው ስብ የሆነ፣ የውሃውን መሳሳብ እንደ ሳሙና የሚያላላ ስስ ሽፋን ነው።

ችግሩ ዘግይቶ መድረሱ ነው። ሳንባው ማምረት የሚጀምረው በእርግዝናው 24ኛ ሳምንት ገደማ ነው። የሚበቃ መጠን የሚገኘው ግን በ34ኛውና በ35ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ፊኛ ነፍታችሁ ከሆነ፣ ጉንጭ የምታሳምመው የመጀመሪያዋ ትንፋሽ ናት። በ28 ሳምንቱ ለተወለደ ሕፃን ሁሉም ትንፋሽ የመጀመሪያ ነው። በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ ይተነፍሳል፣ አፍንጫው ይርገበገባል፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሲያቃስት ደግሞ ጉሮሮውን በከፊል ዘግቶ ጥቂት አየር ውስጥ እያስቀረ ነው። ማንም አላስተማረውም! ግን ይደክመዋል፤ ስለዚህ የሚያቃስት ሕፃን «ይተወዋል» ተብሎ አይጠበቅም፣ ወዲያው ሐኪም ሊያየው ይገባል። የሳንባ ምችም ይህንኑ ሊመስል ስለሚችል ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክ አብሮ ይጀመራል።

ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረባዋ ጋር የእነዚህ ሕፃናት ሳንባ ሰርፋክታንት እንደሚያንሰው ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ማወቅና ማዳን ግን ለየቅል ናቸው። በ1963 ከአምስት ሳምንት በላይ ቀድሞ የተወለደው የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ 39 ሰዓት ኖሮ አረፈ። የቤተ መንግሥት ልጅ ስለሆነ የተለየ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ መድኃኒቱ ገና አልነበረማ። ጃፓናዊው ሐኪም ፉጂዋራ ከላም ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ለሕፃናት ሰጥቶ ውጤቱን ያሳተመው በ1980 ነው።

ዛሬ ሰርፋክታንቱ በቀጭን ቱቦ በአየር ቧንቧ በኩል ይሰጣል። ምጥ ቀድሞ ሊመጣ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ እናቲቱ የስቴሮይድ መርፌ ትወጋለች፤ የልጇን ሳንባ ብስለት ያፋጥነዋል። ለእኔ ከሁሉም ብልህ የሆነው ይኸኛው ነው፣ ሕክምናው ከመወለዱ በፊት ይደርስለታላ።

ሲፓፕ የሚባል የመተንፈሻ መርጃ መሣሪያም አለ። በአፍንጫው በኩል የማያቋርጥ ግፊት እየሰጠ የማቃሰቱን ሥራ ይረከበዋል። በአንዱ ዓይነት የቱቦው ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከርና ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አዲስ ወላጅ በድምፁ ይደነግጣል። ነርሶቹን የሚያስደነግጣቸው ግን ዝም ሲል ነው፤ አየሩ አንድ ቦታ እያመለጠ ነው ማለት ነው።