ከጎረቤት ጋር አጥር ስናጥር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር ላይ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ድንጋይና ብሎኬት የጫነ አይሱዙ በየሰፈሩ ይታያል። የአጥር ሥራ ይጀመራል። የጎረቤት ኩርፊያም አብሮ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ጠቡን የሚያመጣው ክፋት አይደለም፤ በልማድ እውነት ብለን የያዝነው የተሳሳተ ነገር ነው።

«ካርታ አለኝ፤ ማንን አስፈቅዳለሁ?»

ካርታ መብትን ያሳያል እንጂ ሲባጎ አይስብም። የድንጋይ አጥር መሠረቱ ከላይኛው ግንብ ይሰፋል። ግንቡን ልክ ድንበሩ ላይ ካቆምነው መሠረቱ ጎረቤት ግቢ ገብቷል ማለት ነው። እኛም ቤት ደርሷል። ግንበኛው በጠዋት ችካል ተክሎ፣ ሲባጎ ስቦ መቆፈር ጀመረ። አጎራባቻችን የሆኑ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ጉድጓዱን አላዩም። የሲባጎውን ጫፍ ነካ አድርገው «ልጆቼ፣ ይኼን ስትስቡ ምነው ሳትጠሩኝ?» አሉ። ሲለካ ቁፋሮው ወደ እሳቸው አንድ ስንዝር ገብቷል። አባቴ «ይቅር ይበሉን፣ ጥፋቱ የኛ ነው» አላቸው። ሲባጎው ተፈትቶ እንደገና ሲሳብ አንዱን ጫፍ የያዙልን እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ጎረቤት የሚጠራው ግንቡ አልቆ ቡና ሲፈላ ሳይሆን ችካል ሲተከል ነው።

«አጥሬ ውስጥ የማደርገው ማንንም አይመለከትም»

ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። የላይኛው ቤት አጥር ሲሠራ የታችኛው ቤት የጎርፍ መንገድ ይቀየራል። ሽንቁር የሌለው የድንጋይ ግንብ ደግሞ ከጀርባው ውሃ ያቁራል። አፈሩ ይርሳል፣ ይከብዳል፣ ግንቡን ይገፋል። ሐምሌ ላይ ሆዱ የተነፋ አጥር ካያችሁ ነገሩ ይኸው ነው። ከታች በኩል የውሃ ማስወጫ መተው ግድ ነው፤ ግን ውሃው የት እንደሚወርድ ከታችኛው ጎረቤት ጋር ተነጋግሮ ነው። ቱቦውን የሰው ማድቤት ላይ አዙሮ «እኔ አጥሬን ነው የሠራሁት» ማለት ነውር ነው። ነውር ብቻም አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለቤት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። የአካባቢው ልማድም ግምት ውስጥ እንዲገባ ያዛል። እንግዲህ የሰፈር ወግ ሕጉም ፊት ቦታ አለው።

«ለጊዜው ዝም ልበል፣ ከባሰ እከሳለሁ»

ይሉኝታ እዚህ ላይ ይጎዳል። ይዞታዬ ተነካብኝ የሚል ሰው የሚያቀርበው «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ግን ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት መሠረቱ ገና አፈር እያለ ሽማግሌ ይዞ መምጣት ይሻላል። አፈር በአካፋ ይመለሳል፤ ሲሚንቶ ከደረቀ በኋላ ግን ማፍረስ ነው፣ ወጪ ነው፣ ቂም ነው።

«ቅንጭብ ተክል ነው፣ ማንን ይጎዳል?»

ነጩ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ልጆች የሚጫወቱበት በኩል አትትከሉት። ስትከረክሙም ለጎረቤት ተናገሩ፣ ቁርጥራጩንም ከሰው ግቢ ልቀሙ።

«አጥር ከታጠረ መሹለኪያ ምን ያደርጋል?»

ይኼ ከሁሉ ያሳዝነኛል። እሳት የምንጫጫርበት፣ ልቅሶ ሲሆን ድንኳንና ወንበር የምናሳልፍበት መንገድ አንድ ቀን ድንገት በብሎኬት ተደፍኖ ይገኛል። የፋሲል ግቢን የከበበው አጥር 900 ሜትር ገደማ ነው፤ 12 በር አለው። ነገሥታቱ እንኳ መግቢያና መውጫ አላሳጡትም። መዝጋት የግድ ከሆነም ቀድሞ ሄዶ ምክንያቱን መንገር ይገባል።

በእኛና በእኚያ እናት መካከል አንድ ሰው የምታሳልፍ የቆርቆሮ በር ትተናል። ቁልፍ የላትም፤ በሽቦ ነው የምትያዘው።